ከኋላ ያሉት ሁለት ድርድሮች

ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ ስመለስ ሚኒባስ ውስጥ ጋሽ ታደሰ አጠገቤ ተቀመጡ። መጀመሪያ አላወቅኳቸውም። ጸጉራቸው ጥጥ መስሏል፤ ያቺ ቡናማ የቆዳ ቦርሳ ግን ዛሬም ጉልበታቸው ላይ ናት፣ ዛሬም በሁለት እጃቸው ጨብጠዋታል፣ ቀማኛ አጠገባቸው የተቀመጠ ይመስል። ጋሽ ታደሰ ደሴ ላይ የኦዲት ቢሮ የነበራቸው፣ የነጋዴና የፋብሪካ ሒሳብ ሲመረምሩ ዕድሜያቸውን የጨረሱ ሰው ናቸው። «እህትሽ እንዴት ናት?» አሉኝ። «ደህና ናት» አልኳቸው። ከመነጽራቸው በላይ አሻግረው አዩኝና «በምን አወቅሽ?» አሉ። ሳቅኩ። እሳቸው አልሳቁም። መኪናው የሐረጎን ዳገት ወደ ፊት ሲወጣ እኔ ግን ወደ ኋላ ነበር የምሄደው።

«በዚያ ዘመን» ስል ሰው ይስቅብኛል። ገና ሠላሳ አልሞላኝም። ግን ዘመን በዕድሜ ብቻ ይለካል ያለው ማነው? እኔ በሳምቡሳ ነው የምለካው። ያኔ ቧንቧ ውሃ ሰፈር መታጠፊያው ላይ ሳምቡሳ አምስት ብር ነበር፤ ምስሩ እስከ ጥጉ የሞላ፣ ቃሪያው የሚያስነጥስ፣ ከተማሪ ደብተር በተቀደደ ወረቀት የሚጠቀለል። በልተን ስንጨርስ የማናውቀውን ልጅ የፈተና ውጤት እናነብ ነበር። ባጃጅ ከፒያሳ ሸዋ በር በአምስት ብር ያደርሳል፤ ሹፌሩ ዝርዝር ከሌለው መልሱን በማስቲካ ይከፍላል። ዛሬ ሳምቡሳዋ እንደ ጣቴ ቀጥናለች፤ ዋጋዋን ተዉት። የማወራው ከዚያ ከጦርነቱ ክፉ ሰሞን በኋላ ስላለው ጊዜ ነው፤ ሱቁ ሁሉ አዲስ የቆርቆሮ በር ስላስገጠመበት፣ ሰው ከሰው ሲገናኝ ከሰላምታ በፊት «ተረፋችሁ?» ስለሚባባልበት። ሴቱ በሙሉ እጀታው ላይ ዶቃ የተሰፋበት ጥቁር አባያ ነበር የሚለብሰው፤ እኔ ብቻ ዱቄት የማይለቀው የወንድ ጃኬት። ሚኒባሶቹ ሐሙስ ሐሙስ መንዙማ ይከፍታሉ፣ በሌላው ቀን ባቲና አምባሰል። ሹፌሩ ክርስቲያን ይሁን እስላም ከሚከፍተው ነገር መለየት አይቻልም ነበር። አሁን ሁሉም ጆሮው ላይ የራሱን ሰክቶ ነው የሚሄደው።

እኔ ፍሩሽካ ነጋዴ ነኝ፤ ያኔም ነበርኩ። ስንዴ ተፈጭቶ ዱቄቱ ሲወሰድ የሚቀረውን ግርድ ከኮምቦልቻ ዱቄት ፋብሪካ አስጭኜ ደሴና ቦሩ ሜዳ ላም ለሚያልቡ ሰዎች አከፋፍላለሁ። አሥራ ሁለተኛ ክፍል ተፈተንኩ፣ ነጥብ አልመጣልኝም፣ አለቀ። ለታናሽ እህቴ ብዬ ትምህርቴን ተውኩ የምል ሰው አይደለሁም፤ እናቴ ለጎረቤት እንደዚያ ብላ ስታወራ ግን አላረምኳትም። ሥራው ያስተማረኝ አንድ ነገር ነው፤ ማንንም አለማመን። ሚዛን እንዲያነሳ ውሃ የተረጨ ፍሩሽካ አይቻለሁ። ከሥሩ አሸዋ የተደረገበት ጆንያ አይቻለሁ። ከውጭ ሲታይ ግድግዳ የመሰለ፣ ውስጡ ግን ሰው የሚያስተኛ ክፍል ያህል ባዶ የሆነ የጆንያ ክምር አይቻለሁ፤ ያን ቀን የተበላሁትን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። እህቴ ሐያት ደግሞ ተቃራኒዬ ናት። በሦስት ዓመት ታንሰኛለች፣ አካውንቲንግ ተማረች፣ የነገሯትን ሁሉ ታምናለች።

ሰኔ መግቢያ ላይ ተመረቀች፤ ባንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ሥራ መጣላት። ይኼ ራሱ ያስጠረጥራል። የሰፈሩ ምሩቅ በሙሉ ማስረጃውን በላስቲክ አስለብሶ በየቢሮው ሲንከራተት ለአንዷ ልጅ ሁለት በር ይከፈታል? አንደኛው የጋሽ ታደሰ ቢሮ ነበር፤ ቧንቧ ውሃ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ደረጃው ሲረግጡት የሚንቋቋው። ረዳት ኦዲተር። ደመወዙ የሚያኮራ አይደለም፣ ግን ምሳዋን ቤቷ ትበላለች። ሁለተኛው አዲስ አበባ፣ ኢንቨስትመንት ባንክ የሚባል ነገር። ያኔ ስሙ ገና አገር መግባቱ ነው፤ ደሴ ላይ ምን እንደሆነ የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጌ አጥቻለሁ። መጀመሪያ በስልክ፣ ቀጥሎ እዚያው ሄዳ ተፈትና አለፈች። የሚከፍሏት ጋሽ ታደሰ ከሚከፍሉት ከእጥፍ በላይ ነበር።

«ባንክ ከሆነ ደብተር ያወጣል?» አልኳት።

«አያወጣም።»

«ገንዘብ ያስቀምጣል?»

«አያስቀምጥም። ኩባንያ አክሲዮን ሸጦ ገንዘብ እንዲያገኝ ያግዘዋል። ኩባንያውን ያጠናል፣ ዋጋውን ይገምታል፣ ገዢ ያፈላልግለታል።»

«ደላላ በይኛ።»

«እሺ ደላላ» አለችና ሳቀች። «ከረባት ያሰረ ደላላ።»

እናታችን ከጓዳ ሆና ወለድ አለበት ወይ ብላ ጠየቀች። ሐያት አክሲዮን ማለት ትርፉንም ኪሳራውንም መካፈል እንደሆነ አስረዳቻት። እናቴ ግን ሻሿን አጥብቃ የመስጊዱን ሼህ ልትጠይቅ ወጣች፤ ስትመለስ ሼሁ እሷን መልሰው ሦስት ጥያቄ ጠይቀዋታል፤ ሦስቱንም ሐያት በግማሽ ብቻ ነው የመለሰችው። ሐያት ደግሞ የራሷ ሚዛን ነበራት። ሦስት ዓመት ኦዲት የሠራ ሰው የትም ይፈለጋል፤ ባንኩ ግን አዲስ ነው፣ ቢዘጋስ ትላለች። መልሳ ደግሞ ኦዲተር ያለፈውን ነው የሚያየው፣ እዚያ የሚመጣውን ነው የምናየው ትላለች። የሚመጣውን የሚያውቀው አላህ ብቻ ነው አለች እናቴ።

እኔ ሥራዬን ትቼ መርማሪ ሆንኩ። የሕንጻውን ፎቶ አምጪ አልኳት፤ አመጣች። መስታወት ነው። መስታወትማ ማንም ያስገጥማል አልኩ። እዚያ የሚሠራ የምታውቂው አንድ ሰው ጥሪልኝ አልኳት፤ የለም። በስልክ ሥራ አግኝተሻል ተብላ ሄዳ የቀረች የሰው ልጅ ታሪክ አንድ ሦስት ነገርኳት፤ አንዱን ራሴ ሳልጨምርበት አልቀረሁም። እውነቱን ልናገር፤ ሐያት ከሄደች ቤቱ ውስጥ የምጣላው ሰው አይኖርም ነበር። እናቴ አትጣላም፣ ዝም ነው የምትለው። ጥርጣሬዬ ግማሹ ለእሷ ነበር፣ ግማሹ ለራሴ። ባንኩ እስከ ሐምሌ አጋማሽ መልስሽን አሳውቂን አላት። ጋሽ ታደሰ ደግሞ ሰኔ ሠላሳ የዓመቱ ቆጠራ አለ፣ መጥተሽ ሥራውን በዓይንሽ እይው፣ ከዚያ ወስኚ አሏት።

ቆጠራው የወደቀው እኔ ፍሩሽካ የምገዛበት ፋብሪካ ላይ ነው። አብሬያት ወረድኩ፤ ደሴ ጉም ነው፣ ኮምቦልቻ ሲደርሱ ፀሐዩ ግንባር ይመታል። ግቢው ውስጥ ሚዛኑ አጠገብ ተቀምጬ ተራዬን ስጠብቅ ጋሽ ታደሰ ወደ ስንዴው ሄዱ፣ ለሐያት የታሸገውን ዱቄት መጋዘን ሰጧት። የመጋዘኑ ንብረት ያዥ ሐጂ ይማም ናቸው። አባታችን ሲሞት ከኮምቦልቻ ድረስ መጥተው ከቀብሩ ጀምሮ ሦስት ቀን ከደጃችን ያልተነሱ ሰው። የተጣላ የሚያስታርቁ፣ ቃላቸው መሬት የማይወድቅ። በእኛ አገር እንዲህ ያለ ሰው በአላህ ስም ከማለ ነገሩ አልቋል፤ ከዚያ በኋላ «እስቲ ልየው» ማለት በአደባባይ በጥፊ እንደ መምታት ነው።

ሐያት የምረቃዋን አባያ ነበር የለበሰችው። ቅጿን ይዛ ከፊት የሚታየውን ጆንያ ቆጠረች። ክምሩ ግን ግድግዳ ድረስ የተጠጋ ነው፤ ከኋላ ያለውን ለማየት ወይ ማስወረድ፣ ወይ ላዩ ላይ ወጥቶ በሆድ መሳብ ነው። መሰላል ፈልጋ ዞር ዞር ስትል ሐጂ አዩዋት። «ልጄ፣ ከኋላ ሁለት ድርድር ጆንያ አለ። እንደ ፊቱ ሙሉ ነው፣ ወላሂ። አቧራው ይበላሻል፣ ተይው» አሏት። ተወችው። ሁለቱን ድርድር አባዝታ ጻፈች፣ በዓይን ታይቷል በሚለው ሥር ፈረመች።

ይህን ሁሉ የነገረችኝ ራሷ ናት፣ ስንመለስ ሚኒባስ ውስጥ፣ የሐጂን ደግነት ልታጫውተኝ ብላ።

«አላየሽውም ማለት ነው?» አልኳት።

«ሐጂ እኮ ማሉ።»

«እኔ ሐጂን አልጠየቅኩሽም።»

«ታዲያ እሳቸው ምለው ሲያበቁ እኔ ጆንያ ላይ ልውጣ? ሰዓዳ፣ አታሳፍሪኝ» አለችና ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

እኔ የማስበው ያን የተበላሁበትን ባዶ ክምር ነበር። ሐጂ ባይዋሹ እንኳ ሌላ ሰው ከኋላቸው ሠርቶባቸው ቢሆንስ? ፋብሪካው ነገ ቢጣራ ወረቀቱ ላይ ያለው ስም የማን ነው? የሐጂ አይደለም። በማግስቱ ሐያት ሳትነሳ ወጥቼ ያንን የሚንቋቋ ደረጃ ወጣሁ። ጋሽ ታደሰ በአረንጓዴ እስክሪብቶ ቁጥር ላይ ምልክት እያደረጉ ነበር፤ የኦዲተር ቀለም አረንጓዴ እንደሆነ ያን ቀን ነው ያወቅኩት። ጨርሼ ስነግራቸው የእስክሪብቶውን ክዳን መለሱና እዚህ መምጣቴን እሷ ታውቅ እንደሆነ ጠየቁኝ። አታውቅም አልኩ። ነገ ጠዋት ሄደን እናስወርደዋለን፣ ዛሬውኑ ንገሪያት፣ ከእኔ አፍ እንዳትሰማው አሉኝ። እሺ አልኩ።

አልነገርኳትም። ምሳ ላይ ልነግራት ነበር፤ ቲማቲም በቃሪያ ሠርታ ጠበቀችኝ፣ እኔ የምወደውን አይነት፣ ዘይት ያልበዛበት። ከምሳ በኋላ ልነግራት ነበር፤ ጫማሽን ልዋስ አለችኝ። እንደዚያ ስል ነገ ሆነ።

መጋዘኑ በር ላይ ጋሽ ታደሰ ኮፍያቸውን አውልቀው «ሐጂ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ከኋላ ያለውን ልናወርደው ነው» አሉ። ሐጂ ሐያትን አዩ። ሐያት መሬቱን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየችኝ። ፍሩሽካ ልጭን ነው የመጣሁት ብዬ ነበር፣ ማንም ሳይጠይቀኝ። ጫኝና አውራጆቹ ሥራ ጀመሩ። ሁለት ሰዓት ያህል ፈጀ፤ አቧራው እንደ ደሴ ጉም ሆነ። ፊተኛው ወርዶ ሲያልቅ ከኋላ ያሉት ሁለት ድርድሮች ግድግዳውን ታከው ቆመዋል። ሙሉ። ከወለሉ እስከ ላይ፣ ከዳር እስከ ዳር፣ ሐጂ እንዳሉት። ሐያት ከጻፈችው እንኳ አንድ ጆንያ በልጧል። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እህቴ ተርፋለች። እኔን ግን፣ ምን ልደብቅ፣ ለአፍታ ከፋኝ።

ሐጂ አልተቆጡም። ከወንበራቸው ሳይነሱ መቁጠሪያቸውን እያሸጋገሩ «ታደሰ፣ እኔ የማልኩት ለወረቀቱ አልነበረም። አዲስ ልብሷ እንዳይበላሽ ብዬ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «እርስዎ ደግሞ ፍሩሽካዎን ያስጭኑ፤ ሚዛኑ ነፃ ነው» አሉኝ። ከሕፃንነቴ ጀምሮ «አንቺ ልጅት» ሲሉኝ የኖሩ ሰው። ጫኞቹ እንኳ ሥራቸውን አቁመው አዩኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ ተራዬን ነፍገውኝ፣ ሚዛን አጉድለውብኝ አያውቁም፤ «አንቺ» ብለውኝም አያውቁም።

ጋሽ ታደሰ ሐያትን ከዛፉ ጥላ ሥር አቆሟት፤ እኔ ከጭነቱ አጠገብ ሆኜ እሰማለሁ። «የኔ ልጅ፣ ጆንያው መገኘቱ አያድንሽም» አሏት። «ቅጹ ሐጂ ታማኝ ናቸው ወይ ብሎ አልጠየቀሽም፤ አይተሻል ወይ ነው ያለሽ። አላየሽም፣ አየሁ ብለሽ ፈረምሽ።» እሷ አንገቷን ደፋች። እሳቸው ቅጹን ለሁለት አጥፈው ቦርሳቸው ውስጥ ከተቱና ሰኞ ሥራ ግቢ አሏት፤ ይህን አንዴ የተሳሳተ ሰው ሁለተኛ አይሳሳተውም፣ እኔም ሳላይ በፈረምኩበት አንድ በርሜል ዘይት ነው የተማርኩት አሉ። ወደ እኔ እያዩም የዚችን ዓይን ካንቺ ትምህርት ጋር ቀላቅሎ የሚሰጠኝ ባገኝ ቢሮዬን አስረክብ ነበር ብለው ቀለዱ። 

ሐረጎ ላይ ጉሙ ሲውጠን ሐያት ፊቷን ከመስኮቱ ወደ እኔ መለሰች።

«አንቺ ነሽ» አለችኝ።

«እኔ ነኝ።»

«ጆንያዎቹ ባይኖሩስ ኖሮ?»

«ወረቀቱ ላይ ያለው ስምሽ ነበራ።»

«እሱን አይደለም የምልሽ። ለምን ለእኔ አልነገርሽኝም? ተመልሼ፣ ጋሽ ታደሰን ይዤ፣ ሐጂን ራሴ ይቅርታ ጠይቄ ላየው አልችልም ነበር?»

ከጃኬቴ ላይ ዱቄቱን አራገፍኩ።

ሰኞ አልገባችም። ልብስ ማስጫው ሥር ቆማ ለባንኩ ስትደውል ሰማኋት፤ በእንግሊዝኛ ነበር የምታወራው፣ «እሺ» የምትለውን ብቻ በአማርኛ። ስትጨርስ ምክንያቷን ለእናቴ እኔ እየሰማሁ ተናገረች። «እማ፣ እዚህ ኦዲተር ብሆን የምጠራጠረው በሙሉ እጁን የሳምኩት ሰው ነው። ዛሬ ሐጂ ናቸው፣ ነገ የአባባ ጓደኞች በሙሉ ናቸው። እዚያ ማንንም አላውቅም። ባላምናቸው አላፍርም።» እናቴ ከዚህ የሚሻል ምክንያት ከየት ይመጣል አለች። ጋሽ ታደሰ ሲነገራቸው እዚያም ቢሆን መጨረሻ ላይ የሚጠየቀው ይኸው ነው፣ አይተሻል ወይ፤ ከረባት ይለያይ እንደሆነ እንጂ ብለው መረቋት። ሁሉም አመነ። እኔ ግን በጣም የተስተካከለ ምክንያት አልወድም። ሰው እንደዚያ አሳምሮ ሲናገር ሌላ ነገር ይሸፍን እንደሆነ ነው የማየው።

የሄደች ዕለት መናኸሪያ ድረስ ሻንጣዋን ተሸከምኩ። የደሴን ብርድ ታውቁታላችሁ፤ የሰው ትንፋሽ ይጨሳል፣ ረዳቶቹ አዲሳባ አዲሳባ እያሉ ይጮኻሉ፣ እናቴ ለስንቅ የሠራችላትን የገብስ ጭኮ በሁለት ላስቲክ ቋጥራ ሦስት ጊዜ እንዳይገለበጥ ብላለች። እናቴ ወንበሯን ልታይላት አውቶቡሱ ውስጥ ገባች፤ ሁለታችን ብቻችንን ቀረን።

«የምትሄጂው በእኔ ምክንያት ነው?» አልኳት።

«አይደለም።»

«በአላህ በይኛ።»

ቀና ብላ አየችኝ። የተቆጣች አትመስልም፤ የደከማት ነው የምትመስለው። «አልምልልሽም» አለች። «ብምልልሽስ? አስወርደሽ ልታዪው አይደል።»

ከዚያ ትከሻዬን ስማ አውቶቡሱ ላይ ወጣች።

ይኸው አሁን እዚያ ናት። ባንኩ አልተዘጋም፣ ደላላም አልሆነባትም፤ ኩባንያ ያጠናሉ፣ ወረቀት ያገላብጣሉ፣ እንዲያውም አንድ ሰሞን የፋብሪካ ግቢ ዞሬ አየሁ ብላ አቧራ የጠጣ ጫማዋን ፎቶ አንስታ ላከችልን። ዓርብ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ትደውላለች። እናቴ ዱዓ አድርጋላት ስልኩን ትሰጠኛለች። እኔ እጠይቃለሁ፤ ምን በላሽ፣ ከማን ጋር ትኖሪያለሽ፣ ስንተኛ ፎቅ ነው፣ ፀሐይ በየት ይገባል፣ ማታ ማን ያደርስሻል። ሁሉንም ትመልሳለች፣ ሳትሰለች። ነይና እዪኝ ግን ብላኝ አታውቅም። እኔም ልምጣ ብዬ አላውቅም። ለአዲስ አበባ ትኬት ስንት እንደሆነ ሁለት ጊዜ መናኸሪያ ሄጄ ጠይቄያለሁ፤ ሁለቱንም ጊዜ ሳልቆርጥ ተመልሻለሁ። ብዙዎች ከፍቷት ባገኛት ብዬ የምፈራ ይመስላቸዋል። ከፍቷት ባገኛትማ ሻንጣዋን ይዤ መምጣት አውቅበታለሁ። ሄጄ፣ በሩን ከፍታልኝ፣ እውነትም ደህና ሆና፣ ያለ እኔ ደህና ሆና ባገኛት ምን እንደምል ነው የማላውቀው።